ጄ3ዋይ የማን ነው?

አጣዬ ላይ ትልቁ ጽሑፍ የአዲስ አበባ–ደሴን አስፋልት ተከትለው በተደረደሩት ሆቴሎች ግንባር ላይ ነው፤ ከአውቶቡስ ሳይወርዱ ይነበባል። ትንሹ ያለው ደግሞ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው በተዘረጋ የዲሽ ሪሲቨር ሆድ ውስጥ ነው። ትልቁን ያነበበ ተጓዥ ምሳውን በልቶ ወደ ከሚሴ ይቀጥላል። ትንሹን ለማንበብ ያጎነበሰ ሰው ግን ምሳ ሰዓት ማለፉን የሚያውቀው አንገቱ ቀና አልል ሲለው ነው።

እኔ ሠሪ አይደለሁም። ጥገና ቤት በር ላይ ካለችው አግዳሚ ላይ ከሚውሉት ወገን ነኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው የማይቀመጥበት ጥገና ቤት አይቼ አላውቅም። ሥራችን ቴስተር ማቀበል፣ መብራት ሲሄድ «ሄደ!» ማለት፣ ሲመጣ «መጣ!» ማለት ነው። ደመወዝ የለውም፤ ሆኖም ሰው ተቀምጦ ሲያይ ከዋለ ማንበብ ይለምዳል።

የንባቡ ምክንያት ብዙውን ጊዜ መብራቱ ራሱ ነው። ሲሄድ በሰላም ይሄዳል፤ ጠብ ይዞ የሚመጣው ሲመለስ ነው። 220 መሆን የሚገባው ቮልት ያለ ልክ ከፍ ብሎ ይገባና በማግስቱ ጥገና ቤቱ ደጃፍ ላይ ሪሲቨር ያቀፈ፣ ቴፕ የተሸከመ፣ ስታቢላይዘር የሚጎትት ሰው ይሰለፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የስታቢላይዘሩ ባለቤት ነው፤ ዕቃ እንዲጠብቅለት የገዛው ዘበኛ ቀድሞ ወድቆበታል። ክዳኑ ይፈታል፣ አቧራው በአፍ ይነፋል፣ ቆላ ነውና ከአቧራው ጋር ጉንዳኑም ይወጣል። ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ሞተ?» የሚል ነው፤ ሟቹ የሚለየው ጀርባው ላይ በተጻፈው ነው።

ከሁሉም ጨዋው ትልቁ ካፓሲተር ነው። አቅሙን ይናገራል፣ የሚችለውን ቮልቴጅ ይናገራል፣ ኔጌቲቭ እግሩ የትኛው እንደሆነ ወፍራም መስመር አስምሮ ያሳያል። ስንት ዲግሪ ሙቀት ድረስ እንደሚታገስ እንኳን አይደብቅም፤ 85 ወይም 105 ብሎ ይጽፋል። የእኛ ሠሪ 85 የተጻፈበትን ሲያይ «ይህ ለደብረ ብርሃን ሰው ነው፣ ጣርማ በርን መሻገር አልነበረበትም» ይልና 105ቱን ያነሳል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ከጀርባው ቁም ነገር አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል የሚል የሙያው ስሌት አለና፣ በግንቦት አጣዬ ላይ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል የለበሰ ሪሲቨር ውስጥ ለሚኖር ዕቃ 20 ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው። ካፓሲተር ሲሞት ደግሞ ያብጣል። ይህን ደንበኛ ወዲያው ይረዳል፤ «አብጧል» ከተባለ ማንም አይከራከርም።

ችግሩ ዕቃው እያነሰ ሲመጣ ንግግሩም አብሮ ማጠሩ ነው። ሽምብራ የምታህለው ካፓሲተር ላይ 104 ተብሎ ይጻፋል። መቶ አራት አይደለም። አሥር ብለህ አራት ዜሮ ስትጨምርበት የሚገኘው ነው፤ አንድ መቶ ሺ ፒኮፋራድ። አንድ ደንበኛ ይህን ሲሰማ «ዜሮ ለመጻፍ ቦታ አጥተው ነው ወይስ ከእኛ ሊደብቁ?» ብሎ ጠይቋል። ቦታ አጥተው ነው። የመደበቁ ጉዳይ ግን ኋላ ይመጣል።

ሬዚስተር ጭራሽ መጻፍን ትቶ በቀለም ይናገራል። ጥቁር ዜሮ፣ ቡኒ አንድ፣ ቀይ ሁለት፣ ብርቱካናማ ሦስት እያለ በነጭ ዘጠኝ ላይ ያበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ቁጥር ናቸው፣ ሦስተኛው የዜሮዎቹን ብዛት ይነግራል፣ ዳር ላይ ያለው ወርቃማው መስመር እስከ 5 ከመቶ ሊሳሳት እንደሚችል የሚያምንበት ነው። (ስህተቱን አስቀድሞ በወርቅ ቀለም የሚያስታውቅ ፍጡር ከሬዚስተር ሌላ አላጋጠመኝም።)

ከአግዳሚው ሰዎች አንዱ ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትነቱ ከልክ ሲያልፍ «የባንዲራችን ሬዚስተር ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አረንጓዴ አምስት፣ ቢጫ አራት፣ ቀይ ሁለት ዜሮ፦ 5,400 ኦም። ሠሪው መሳቢያውን አየና «የለም» አለ። «መርካቶስ?» «መርካቶም የለም።» ጠያቂው ነገሩን ፖለቲካ ሊያደርገው ከወንበሩ ተነሳ። እውነቱ ግን ቀላል ነው። ፋብሪካዎች ቁጥሩን ሁሉ አይሠሩም፤ ባለ 5 ከመቶው ተራ ከ47 ወደ 51፣ ከ51 ወደ 56 ይዘላል፣ 54 መሀል ላይ ተረግጦ ይቀራል። ሠሪው ግን አላበቃም። ባንዲራውን ከቀይ ጀምረህ ካነበብከው 24 ላይ አምስት ዜሮ ይሆናል፣ 2.4 ሜጋ ኦም፤ 24 ደግሞ በተራው ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። ከመሳቢያው ፈልጎ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ዳር ላይ ወርቅ። ባንዲራችን በገበያ የሚገኘው ተገልብጦ ብቻ መሆኑን የሰማው ሰው ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ፤ ማንን እንደሚያኮርፍ ግን አላወቀም።

ሬዚስተር ሲቃጠል መስመሮቹ ሁሉ ይጠቁራሉ። በደንቡ ካነበብከው ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፦ ዜሮ ኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ። ቴስተር ስታስነካው ደግሞ ተቃራኒውን ይነግርሃል፤ ውስጡ ተበጥሷል፣ አንዲት ጠብታም አያሳልፍም። ይህን ቀልድ አጣዬ ላይ ሁልጊዜ አልናገረውም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ከተማዋ በተቃጠለች ጊዜ ከእሳት የወጣ ዕቃ ላይ ቀለምም ቁጥርም አልነበረም፤ ያኔ የጠፋው ብዙ ነገር ነበርና ስለ ሬዚስተር የጠየቀም የለም።

ወደ ትራንዚስተሩ ልለፍ። ትራንዚስተር አገር አለው። አሜሪካ ሠራሽ ስም ሲያወጣ በ2ኤን ይጀምራል። የአውሮፓው ሁለት ፊደል ያስቀድማል፤ ኤ ከሆነ ጀርማኒየም፣ ቢ ከሆነ ሲሊኮን፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ሥራውን ይናገራል፤ ስለዚህ ቢሲ547 የሚለውን ያየ ሰው ሲሊኮን መሆኑን፣ ለአነስተኛ የድምፅ ሥራ የተፈጠረ መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቃል። የጃፓኑ 2ኤስ ብሎ ይጀምራል፤ ነገር ግን ሁሉም እንደሚያውቀው ቆጥሮ 2ኤስን ይተወዋል። ሲ1815 ተብሎ የተጻፈው ሙሉ ስሙ 2ኤስሲ1815 ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከተማችንም በወረቀት ኤፌሶን፣ በአፍ አጣዬ ስትባል ኖራለች፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ሌላኛውን አልፎ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል።

በጃፓኑ አጠራር ኤ እና ቢ አንድ ወገን፣ ሲ እና ዲ ተቃራኒው ወገን ናቸው፤ አንዱ ባለበት ሌላውን ብትተካ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት አቅጣጫ ይገለበጣል፣ ዕቃውም ዳግም ይሞታል። እንግዲህ ይህን በስልክ ለመርካቶ ነጋዴ ንገር። ነፋስ እየነፈሰ፣ ከጀርባ አውቶቡስ ጡሩምባ እየነፋ፣ ቢ እና ዲ ጆሮ ላይ አንድ ናቸው። የእኛ ሠሪ መፍትሔውን ከመንገዱ ወስዷል።

«ዲ880 ሦስት ላክልኝ።»

«ቢ ነው ያልከኝ?»

«ዲ! ደሴ! ደሴ 880!»

«ባቲ?»

«ባቲማ ከፈለግኩ ባቲ እልሃለሁ! ደሴ ነው የምልህ!»

በዚህ ፊደል ኬ ከሚሴ ነው፣ ኤስ ሰንበቴ ነው። ሲ የሚሆን ከተማ በእኛ መንገድ ላይ ስላልተገኘ «ሲ እንደ ሲኒ» ይባላል። አንድ ቀን «ሁለት ሰንበቴ ደሴ» እያለ ሲጮህ ሰምቶ የሚኒባስ ረዳት «ግቡ! ግቡ!» እያለ መጥቶ ነበር።

ዕቃው በመኪና ተልኮ ሲደርስም ንባቡ አያልቅም፤ እግር አለ። ሲ1815 እና ቢሲ547 መልካቸው አንድ ነው፣ ብዙ ቦታ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል። ጽሑፉን ወደ ራስህ አዙረህ ከግራ ስትቆጥር ግን የአንዱ እግር ኢሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ሲሆን የሌላው ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ነው። ቁጥሩን አውቆ የእግሩን ተራ ያላወቀ ሰው ምንም አላወቀም ባይባልም ጭስ ያያል።

አይሲ ላይ ያለው ጽሑፍ የቤተሰብ ስም ነው። ኤልኤ ካለ ሳንዮ፣ ቲኤ ካለ ቶሺባ፣ ኤችኤ ካለ ሂታቺ። በድሮ የመኪና ቴፕ የኖረ ሰው ኤልኤ4440ን እንደ ጎረቤት ያውቀዋል። 78 ብሎ የጀመረ ቮልቴጅ አስተካካይ ቀሪው ቁጥር ምን እንደሚሰጥ ይነግራል፤ 7805 አምስት ቮልት፣ 7812 አሥራ ሁለት። 79 ካለ ያው በኔጌቲቭ በኩል ነው። እዚህ ላይ ፋብሪካዎቹ ደግ ሆነዋል፤ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ከስሙ ሥር ያለችው ሌላ አራት አሃዝ ግን ስንቱን አጣልታለች። የተሠራበት ቀን ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የቀሩት ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራሉ። በ2008 ዓ.ም. ገደማ አንድ ጋሼ ሠሪው 1308 የሚለውን ሲያነብላቸው ሰሙ። «ምን ማለት ነው?» «በ2013 በስምንተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፣ ጋሼ።» ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። «ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል እኮ ልጄ። ያልተሠራ ዕቃ እንዴት ይበላሻል?» የፈረንጁ 2013 የእኛ የካቲት 2005 መሆኑን ለማስረዳት ከሪሲቨሩ ጥገና የበለጠ ጊዜ ፈጀ፤ ጋሼም ዋስትናውን ለማስላት የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሚሻላቸው እያሰቡ ሄዱ። ዓመቱና ስሙ የሚምታቱበትም አለ። 7432 የሚባል የታወቀ አይሲ አለ፤ በ1974 በ32ኛው ሳምንት ለተሠራ ሌላ አይሲም የሚጻፈው ያው 7432 ነው። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሳጥኑን ዕድሜ ማየት ነው።

ስለ መደበቁ ላውራ ብዬ ነበር። ሁለት ዓይነት ደባቂ አለ። አንዱ ፋብሪካው ራሱ ነው፤ ሥራው እንዳይቀዳበት የአይሲውን ስም ፍቆ ይሸጣል። ይህን ከንግድ አንጻር ልረዳው እችላለሁ፤ ሪሲቨሩ ሲበላሽ ግን የሚሰደበው እሱ ሳይሆን «አልቻልኩም» ያለው የእኛ ሰው ነው፣ ይህ ያናድደኛል። ሁለተኛው የባሰው ነው፤ ርካሹን ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ የውዱን ስም የሚጽፍበት። 2ኤን3055 የሚባለው ትልቁ የአምፕሊፋየር ትራንዚስተር በዚህ በዓለም ዙሪያ የተጎዳ ነው፤ ስሙ የእሱ፣ ውስጡ የትንሽ ዘመድ። ጀርባው ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ ፎርጅድ የሚታወቅበት ዘዴ አለ። ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበትን አሴቶን በጥጥ ነክሮ ጀርባውን ማሸት፤ አዲስ የተቀባ ከሆነ ጥቁሩ ቀለም ከነስሙ ጥጡ ላይ ይቀራል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የምጠረጥርበት ምልክት አለኝ፤ ፎርጅዱ ከኦሪጅናሉ ይልቅ ጎልቶ ይነበባል። ኦሪጅናሉ ስሙን በለሆሳስ ነው የሚናገረው፤ በብርሃን አጋድለኸው፣ በጠመኔ አሽተኸው፣ ካልሆነም በስልክ ካሜራ አጉልተኸው ነው የምታገኘው።

አሁን ወደ ትንኟ ደረስን። የዛሬ ዘመን ዕቃ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ሦስት እግር ያላቸው ትንኞች ናቸው፤ ጀርባቸው ከሁለትና ሦስት ፊደል በላይ አይችልም። ስለዚህ ስም መጻፍ ቀርቶ ምስጢር ቃል መጻፍ መጣ። ኤም7 ቢል በጥንቱ ስሙ 1ኤን4007 የሚባለው ዳዮድ ነው፤ እሱስ ታዋቂ ነው። ሌሎቹ ግን ምስጢር ቃሉን እየተበዳደሩ ይኖራሉ፤ አንዱ ፋብሪካ ለትራንዚስተር የሰጠውን ሁለት ፊደል ሌላው ለሌላ ዕቃ ይሰጠዋል፣ ዳኛ የለም። ሰኞ ባቲ ገበያ የሄደ ሰው ይህን ይረዳዋል። የአፋር ሰው ግመሉን በጋለ ብረት የጎሳውን ምልክት ይተኩስበታል፤ ለእኔ ያ ሁሉ መስመርና ቀለበት ነው፣ ለሚያውቀው ግን ግመሉ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነው። የሚያውቀውም ቅርጹን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ምልክቱ አንገት ላይ ነው ወይስ ጭን ላይ ብሎ ይጠይቃል።

አንዲት እናት ሪሲቨራቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። «ልጄ፣ ግማሹ ቻናል ጠፋ። አልሞተም፣ ግማሹ ነው።»

«የትኛው ግማሽ፣ እናቴ?»

«የምወደው።»

ሠሪው ሳቀ፤ ይሁን እንጂ መልሱ ጠቅሞታል። ሪሲቨር ወደ ሳህኑ 13 ቮልት ሲልክ በቁም የሚመጡትን፣ 18 ሲልክ በአግድም የሚመጡትን ቻናሎች ይቀበላል። ግማሹ ብቻ ከጠፋ ከሁለቱ አንዱ አይሄድም ማለት ነው። ቴስተሩን ከኬብሉ መሰኪያ ላይ አደረገ፤ ቻናል ቢቀያየርም 13 ላይ ቆሞ ቀረ። ከመሰኪያው ጀምሮ መስመሩን በመርፌ ጫፍ እየተከተለ ሄደ፤ ከአስተካካዩ አይሲ አጠገብ አንዲት ትንኝ አገኘ። ማጉያ መነጽሩን አደረገ። አንድ ጊዜ ጄ5ዋይ አለ፣ አንድ ጊዜ ጄ3ቪ። ከአግዳሚው ላይ የነበርነው ሁሉ ተራ በተራ አየን፤ እያንዳንዳችን የተለያየ ነገር አነበብን፣ ሁሉም እርግጠኛ ነበር። አንድ ተማሪ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አጎላው፦ ጄ3ዋይ።

«ጄ3ዋይ የማን ነው?» አልን።

ሠሪው ዝም ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ካርቶኑን ጎተተ። ካርቶኑ የሞቱ ቦርዶች መቃብር ነው፤ ለጥገና ቤት መጽሐፍ ቤቱም እሱ ነው። ተመሳሳይ ሌላ ሪሲቨር ሞቶ ነበር፤ እዚያው ቦታ ላይ ያችው ትንኝ፣ ያው ጄ3ዋይ ጀርባዋ ላይ አለ። ነቅሎ ለካት። ከአንዱ እግር ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ትራንዚስተር ናት፣ ከሲ እና ከዲ ወገን። ቀድሞ ጠርጥሮ ነበር፤ ጄ3ዋይ ብዙ ጊዜ ኤስ8050 ነው፣ ባለ ረጅም እግሩ ደግሞ በርካሽ ሬዲዮ ሁሉ የሞላ ነው። የካርቶኗን ትንኝ መትከል ይችል ነበር፤ አላመናትም፣ በምን እንደሞተ ካልታወቀ ቦርድ ላይ የመጣች ናት። ባለ ረጅም እግሩን አመጣ። የእግሩ ተራ ከትንኟ ጋር ስለማይገጥም ሁለቱን እግሮች አጠላልፎ በየዳቸው፤ ቦርዱ ላይ ትንኝ የነበረችበት ቦታ አሁን ዝሆን ቆሟል። 18 ቮልት መጣ።

እናት ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት የወጣውን ዕቃ ጠየቁ። ይህ የቆላም የደጋም ሕግ ነው፤ አሮጌውን ሳያይ የሚከፍል የለም። ሠሪው ትንኟን በወረቀት ላይ አድርጎ ሰጣቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሡ፣ አዙረው አዩ፣ እንደገና አዩ። «የታለ?» አሉ። እውነትም አልነበረም፤ ትንፋሻቸው ወስዶት ይሁን ወይ ቬንቲሌተሩ፣ አምስታችን መሬት ላይ ተንበርክከን ጄ3ዋይን ስንፈልግ ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ሰዎች ቆመው አዩን። አልተገኘም። እናት ከሂሳቡ ላይ አሥር ብር ቀነሱ።

እሳቸው ሳይወጡ አንድ ልጅ ሪሞት ይዞ ገባ። ሪሞቱ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም፤ ቁጥሩ፣ ድምፁ፣ ቻናሉ፣ የፋብሪካው ስም ጭምር በአውራ ጣት ታሽቶ አልቋል፤ ነጭ በነጭ ሆኗል። ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ሊያጎላው ተዘጋጀ። ሠሪው እጁን ዘርግቶ ተቀበለና «የትኛው ቁልፍ ነው እምቢ ያለህ? ምን የሚለው?» ብሎ ጠየቀው።

«ቁልፉማ ደህና ነው» አለ ልጁ። «ጽሑፉን ማን ያነባል? አያቴ እንኳን በጨለማ ድምፅ ትጨምርበታለች። ባትሪው ነው ያለቀው።»